የኤሊዎቹ ዳርቻ ስንት እንግዳ ይችላል?

ሴፕቴምበር 2015። ቦታው ኦስቲዮናል ነው፤ በኮስታ ሪካ የፓሲፊክ ጠረፍ ያለች ትንሽ መንደር። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ወቅቱ የባሕር ኤሊዎች እንቁላላቸውን ሊጥሉ በብዙ ሺህ ሆነው ከውቅያኖስ የሚወጡበት ነበር። እንዲህ ያለ ነገር የሚታይባቸው ቦታዎች በዓለም ላይ በጣት ይቆጠራሉ። የዚያን ሰሞን ግን አሸዋው ባዶ አልነበረም። በመቶዎች የሚቆጠር ሰው ቆሞ ይጠብቃቸው ነበር። ኤሊዎቹ ብቅ ሲሉ ሰዉ ፎቶ ለመነሳት መሃላቸው ገባ። ልጁን ኤሊ ጀርባ ላይ ያስቀመጠ ወላጅም ነበር። ጠባቂዎቹ ጥቂት ስለነበሩ ያን ሁሉ ሰው መግታት አቃታቸው። ብዙዎቹ ኤሊዎች እንቁላላቸውን ሳይጥሉ ወደ ባሕሩ ተመለሱ።

ፎቶዎቹ በመላው ዓለም ታዩ። ብዙ ሰው ተቆጣ፤ መቆጣቱም ልክ ነበር። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። እነዚያ ሰዎች አዳኞች አልነበሩም። እንቁላል ሊሰርቁም አልመጡም። ኤሊ ስለሚወዱ፣ ለልጆቻቸው ማሳየት ስለፈለጉ ገንዘብና ጊዜ አውጥተው የመጡ ናቸው። ኤሊዎቹን የመለሳቸው ይህ ፍቅር ነው።

ይህ የሆነው ደግሞ የትም አይደለም። ኮስታ ሪካ በተፈጥሮ ቱሪዝም ስሟ ቀድሞ የሚነሳ አገር ናት። አምስት ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ አላት። ስፋቷ 51,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጦር ሠራዊቷን በ1948 አፍርሳለች። በ2024 በአውሮፕላን ብቻ ከ2.6 ሚሊዮን በላይ እንግዳ ተቀብላለች፤ ከግማሽ በላዩ ከአሜሪካ ነው። ከማያሚ የሦስት ሰዓት ያህል በረራ ናት። ስለዚህ ዋሽንግተን ወይም ዳላስ ሆኖ ይህን ለሚያነብ ወገን ጉዳዩ ሩቅ አይደለም፤ ለቀጣዩ ዕረፍት ትኬት እያየ ይሆናል።

ትኬቱ ከመቆረጡ በፊት አንድ ነገር ልበል። የዚህን ዳርቻ ጫካና ባሕር እስከዛሬ ያቆየው የጎብኚው ፍቅር አይደለም። ያቆየው ገደብ ነው፤ ከገደቡ ጋር ደግሞ ጫካው አጠገብ የሚኖረው ሰው የሚያገኘው ጥቅም ነው። ሁለቱ ባሉበት ቦታ ነገሩ ይሠራል። አንዱ በጎደለበት ቦታ መበላሸት ጀምሯል።

ታሪኩ የሚጀምረው ከተዘጋ ጫካ ነው። በ1955 ኦሎፍ ዌስበርግ የሚባል ስዊድናዊና ዴንማርካዊት ባለቤቱ ካረን ሞገንሰን ወደ ኒኮያ ልሳነ ምድር መጡ። ሞንቴሱማ አጠገብ መሬት ገዝተው ፍራፍሬ መትከል ጀመሩ። ዙሪያቸው ያለው ደን በዓይናቸው ፊት እየተጨፈጨፈ ነበር። የልሳነ ምድሩ ጫፍ ላይ፣ ካቦ ብላንኮ በሚባለው ቦታ፣ የመጨረሻው ቁራጭ ጫካ ቀርቶ ነበር። ባልና ሚስቱ መሬቱን መግዣ ገንዘብ ለማሰባሰብ ወደ ውጭ አገር ማኅበራት ደብዳቤ ይጽፉ ጀመር። መንግሥትንም ወተወቱ። በ1963 ካቦ ብላንኮ በሕግ ተከለለ። የአገሪቱ የጥበቃ ቦታዎች ሁሉ ፈር ቀዳጅ ነው። ስሙ ላይ “ፍጹም” የሚል ቃል አለበት፤ ፍጹም የተፈጥሮ ጥብቅ ስፍራ ማለት ነው። ፍጹም የተባለው ሰው ስለማይገባበት ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ለጎብኚ ዝግ ሆኖ ቆይቷል።

ዌስበርግ በ1975 ተገደለ። የሞተው ወደ ደቡብ ርቆ፣ ኦሳ ልሳነ ምድር ላይ ነው። እዚያ የሄደውም ያንን ጫካ ለማስከለል ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በዚያው ዓመት ኦክቶበር፣ ኮርኮቫዶ ብሔራዊ ፓርክ ተመሠረተ። ዛሬ በጀልባ ኦሳ የሚደርስ ቱሪስት ይህን ታሪክ ሳይሰማ ሊመለስ ይችላል። ያሳዝነኛል።

ጫካውን ይበላው የነበረው ምን ነበር? በአብዛኛው ከብት ነው። ከ1960ዎቹ ጀምሮ የአሜሪካ ገበያ የበሬ ሥጋ ይፈልግ ነበር። ባንክ ለከብት እርባታ በርካሽ ያበድራል። ገበሬው ደኑን መንጥሮ ሣር ይዘራል። በ1980ዎቹ የአገሪቱ ደን ወደ ሩብ ገደማ ወርዶ ነበር። በሰሜን ምዕራቡ ደረቅ ክፍለ ሀገር፣ በጓናካስቴ፣ የተዘራው ሣር ሃራጓ ይባላል። ከአፍሪካ የመጣ ነው። እኛ ቤት የምንከድንበት የሰንበሌጥ ወገን ነው። ሰንበሌጥ በበጋ እንዴት እንደሚነድ ገጠር ያደገ ሰው ያውቃል። ጓናካስቴ ላይም እሳቱ በየዓመቱ እየተነሳ ችግኝ አላስበቅል አለ።

እዚህ ጋ ሳንታ ሮሳ የሚባለው ፓርክ መጠቀስ አለበት። ኮስታ ሪካዎች እኛ በዓድዋ እንደምንኮራ የሚኮሩበት ሜዳ ነው፤ በ1856 የአሜሪካዊውን ጀብደኛ የዊልያም ዎከርን ወራሪዎች ያባረሩት እዚያ ነው። በ1971 ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። የሥነ ሕይወት ተመራማሪው ዳንኤል ጃንዘንና ባለቤቱ ዊኒፍሬድ ሃልዋክስ እሳቱ ከቆመ ጫካው በራሱ ይመለሳል ብለው ተነሱ። የአካባቢው ሰው በእሳት ተከላካይነት ተቀጠረ። ከብቱ ሣሩን እየጋጠ የሚነደውን ቀነሰ። ዘሩን ነፋስ፣ ወፍና አውሬ አመጡት። የገበሬ ልጆች ነፍሳትን እየሰበሰቡ በዓይነት መለየት ተማሩ፤ ለሳይንስ ሥራ ደመወዝ ይከፈላቸው ጀመር። ቦታው በ1999 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ዛሬ እዚያ ዛፍ ሥር የሚሄድ ሰው የሚረግጠው የድሮ የግጦሽ መሬት ነው። ከዚህ ሁሉ ታሪክ ለእኔ ትልቁ ይሄ ነው። ጫካ ጠፋ ማለት ለዘለዓለም ጠፋ ማለት እንዳልሆነ ያሳያል።

መንግሥትም የድርሻውን አድርጓል። በ1996 በወጣው የደን ሕግ ያለ ፈቃድ ደን መንጥሮ መሬቱን ለሌላ ነገር ማዋል ተከለከለ። ከ1997 ጀምሮ ደኑን ለጠበቀ ባለመሬት ክፍያ ይሰጠዋል። ገንዘቡ በአብዛኛው የሚመጣው ከነዳጅ ግብር ነው። ዛሬ ከአገሪቱ ከግማሽ በላዩ እንደገና በደን ተሸፍኗል።

አሁን ወደ ኦስቲዮናል ልመለስ። እዚህች መንደር ውስጥ ያለው ሕግ መጀመሪያ ሲሰሙት ያስደነግጣል። መንደሩ የኤሊ እንቁላል ወስዶ እንዲሸጥ ተፈቅዶለታል! ቦታው በ1983 የዱር እንስሳት መጠለያ ሆነ። ሕጋዊው የእንቁላል ለቀማ ደግሞ በ1987 ተጀመረ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ኤሊዎቹ አንድ በአንድ አይመጡም። በጥቂት ቀናት ውስጥ በአሥር ሺዎች ሆነው ይግተለተላሉ። አንዳንዴ ከመቶ ሺህም ይበልጣሉ። እያንዳንዷ መቶ ያህል እንቁላል ትጥላለች። አሸዋው ግን ያው አንድ አሸዋ ነው። ኋላ የመጣችው ስትቆፍር ቀድማ የመጣችውን እንቁላል ታወጣዋለች፣ ትሰብረዋለች። የተሰበረው ይበሰብሳል። የበሰበሰው ደህናውን ያበላሻል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ 36 ሰዓታት የተጣለው ብዙው እንቁላል ሳይፈለፈል የሚቀር ነው። ለመንደሩ የተፈቀደውም ያ ነው። ከ36 ሰዓት በኋላ የተጣለውን መንካት ክልክል ነው።

መንደርተኛው በምላሹ ይሠራል። አሸዋውን ከግንድና ከቆሻሻ ያጸዳል። ሌሊት በተራ ይጠብቃል። እንቁላሎቹ ከአንድ ወር ተኩል ገደማ በኋላ ሲፈለፈሉ ጫጩቶቹን ከውሻና ከጥንብ አንሳ እየተከላከለ ወደ ባሕሩ ያደርሳቸዋል። ከሽያጩ የተገኘው ለማኅበሩ አባላት ይከፋፈላል፤ ከፊሉ ለመንደሩ ሥራ ይውላል። ተቃዋሚዎች አሉ። ሕጋዊ እንቁላል ገበያ ላይ ካለ የተሰረቀውም ከሱ ጋር ተቀላቅሎ ይሸጣል የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። ስጋቱ እውነት ነው። ግን ኤሊዎቹ እስከዛሬ እየመጡ ነው። ለኤሊዎቹ ዘብ የሚቆመው ደግሞ ከእነሱ የሚኖረው ሰው ነው።

2015 ላይ የተበላሸው ምንድን ነው ታዲያ? ለእንቁላሉ በሰዓት የተለካ ገደብ ነበረ። ያን ሰሞን ለመጣው ሕዝብ ግን የሚሠራ ገደብ አልነበረም። ማንም ከየትም ገባ። ዛሬ እዚያ ኤሊ ለማየት የአካባቢውን አስጎብኚ ይዞ፣ በትንሽ ቡድን ሆኖ መግባት ያስፈልጋል። በሌሊት የሚፈቀደው ቀይ መብራት ነው። ፍላሽ የለም። ለአስጎብኚው የሚከፈለው ገንዘብ እዚያው መንደር ይቀራል።

ወደ ደቡብ እንውረድ። ኦሳ ሌላ ዓለም ነው። ጓናካስቴ ደረቅ ነው፤ ኦሳ ላይ ግን አንዳንድ ቦታ በዓመት ከ5,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይወርዳል። የኮርኮቫዶ ጫካ እስከ አሸዋው ድረስ ይመጣል። አራት ዓይነት ጦጣ አለ። ቀይ ማካው የተባለው ትልቅ በቀቀን ጥንድ ጥንድ እየሆነ ከራስ በላይ እየጮኸ ያልፋል። ታፒር አለ፤ የፈረስና የአውራሪስ ዘመድ ነው፤ ቀን ቀን ጭቃ ውስጥ ተኝቶ ይገኛል። ጃጓርም አለ። ጃጓሩን ግን እንኳን ጎብኚ አስጎብኚውም ስንት ጊዜ ወጥቶ ላያየው ይችላል።

ሲሬና ወደሚባለው የፓርኩ ዋና ጣቢያ የመኪና መንገድ የለም። ከድሬክ ወደብ ወይም ከፑዌርቶ ሂሜኔስ በጀልባ ይኬዳል። ድሬክ የተባለው በ1579 በአካባቢው አልፏል በሚባለው እንግሊዛዊ መርከበኛ፣ በፍራንሲስ ድሬክ ስም ነው። ከካራቴ በኩል በእግር የሚሄድ ሰው ደግሞ ለሰዓታት አሸዋ ለአሸዋ ይጓዛል። ባሕሩ ሲሞላ የማይታለፉ ቋጥኞች አሉ። የሚሻገሯቸው ወንዞች ውስጥ አዞ አለ። የሲሬና ወንዝ አፍ ላይ ሻርክም ይገባል። ስለዚህ ሰዓቱን ከባሕሩ ጋር ማስማማት የግድ ነው። ባሕሩ እስኪጎድል ቁጭ ብሎ መጠበቅ የጉዞው አንድ ክፍል ነው።

ከ2014 ጀምሮ ኮርኮቫዶ ያለ አስጎብኚ መግባት አይቻልም። ሰሜን ተራሮችን ያየ ኢትዮጵያዊ ይህ አይደንቀውም፤ እዚያም ያለ ስካውት አይገባም። ብዙ የውጭ ጎብኚ ግን መጀመሪያ ላይ አጉረምርሟል። ብቻዬን መሄድ እፈልጋለሁ፣ ለምን እከፍላለሁ የሚል ነው። እኔ ሕጉን እደግፈዋለሁ። አንድ ሰው ጫካ ውስጥ ጠፍቶ ከመሞቱ በፊት ይረዳዋል። ከዚያም በላይ፣ የኦሳ ወጣት ጫካውን በማወቁ ብቻ እንጀራ እንዲበላ አድርጎታል።

ይህ ለምን ትልቅ ነገር እንደሆነ ለመረዳት ወርቁን ማስታወስ ያስፈልጋል። የኦሳ ወንዞች ወርቅ አላቸው። ፓርኩ ከተመሠረተ በኋላም ወርቅ አጣቢዎች ውስጥ ነበሩ። በ1980ዎቹ ሥራ ሲጠፋ ቁጥራቸው ጨመረ። በአገሪቱ ደቡባዊ የፓሲፊክ ጠረፍ ለአሥርት ዓመታት የቆየው ትልቁ የሙዝ ኩባንያ የወደብ ከተማዋን ጎልፊቶን ለቅቆ የወጣውም በዚያው ሰሞን ነው። በ1986 መንግሥት ወርቅ አጣቢዎቹን ከፓርኩ አስወጣ። ቤተሰብ የያዙ ድሆች ነበሩ። ካሳ እስኪያገኙ ብዙ ተንከራተዋል። ጫካው ዳነ፤ ግን በነሱ ኪሳራ ነው የዳነው። ዛሬ ዶስ ብራሶስ ዴ ሪዮ ቲግሬ በምትባለው መንደር የዚያ ዘመን ሰዎችና ልጆቻቸው ወርቅ እንዴት እንደሚታጠብ ለጎብኚ ያሳያሉ። ከመንደሯ ወደ ፓርኩ የሚያስገባ መንገድም አለ። በ2015 በኦሳ ላይ የታተመ ጥናት በቱሪዝም የሚሠሩት ሰዎች ወርሃዊ ገቢ በሌላ ሥራ ካሉት ጎረቤቶቻቸው እጥፍ ገደማ መሆኑን አሳይቷል። ሁሉም ነገር ተስተካክሏል ማለት አይደለም። ሕገወጥ አደንና ወርቅ ቁፋሮ ዛሬም አለ። ጠባቂ አይበቃም። ግን አደኑን ለመተው ምክንያት ያለው ሰው በርክቷል።

አሁን ደግሞ ወደማይሠራው ልምጣ። ሰሜኑን፣ የጓናካስቴን ዳርቻ እንይ።

የሊቤሪያ አውሮፕላን ማረፊያ ካደገ ወዲህ ከአሜሪካ ከተሞች ቀጥታ እዚያ ማረፍ ይቻላል። ከዋና ከተማዋ ሳን ሆሴ ሳያልፉ በአንድ ሰዓት ገደማ ሆቴል መግባት ነው። ፓፓጋዮ የሚባለው አካባቢ መንግሥት ራሱ ለትልልቅ ሆቴሎች የለየው ነው። ታማሪንዶ፣ ኖሳራ፣ ከጓናካስቴ ወደ ደቡብ ወጣ ብላ ያለችው ሳንታ ቴሬሳም በሰርፊንግ የታወቁ ናቸው። አንዳንዶቹ ትናንት የዓሣ አጥማጅና የከብት አርቢ መንደሮች ነበሩ። በ2021 ደግሞ ከቤታቸው በኢንተርኔት ለሚሠሩ የውጭ ሰዎች የተለየ ቪዛ ወጣ። በዶላር የሚከፈለው ሰው መጣ። ኪራይም በዶላር ሆነ። ሆቴሉን የሚያጸዳው፣ ቡና የሚቀዳው ሰው መንደሩ ውስጥ ቤት መከራየት አቃተው። ከሩቅ ይመላለሳል።

ከኪራዩ የባሰው ውሃው ነው። ጓናካስቴ ዝናብ የሚያገኘው በአብዛኛው ከሜይ እስከ ኖቬምበር ነው። ቱሪስቱ የሚጎርፈው ከዲሴምበር እስከ ኤፕሪል ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የሰሜኑን ብርድ ሸሽቶ ፀሐይ ፍለጋ ይመጣል። ስለዚህ ውሃ በሚያንስበት ወር እንግዳ ይበዛል። መዋኛ ገንዳው ይሞላል፣ የጎልፍ ሣሩ ይጠጣል። በ2008 ሳርዲናል የምትባል መንደር ይህ ነገር ፊት ለፊት አጋጠማት። ከመንደሯ ከርሰ ምድር ውሃ ስቦ ወደ ዳርቻው፣ ወደ ፕላያስ ዴል ኮኮና ኦኮታል ሆቴሎችና አፓርታማዎች የሚወስድ ቧንቧ መዘርጋት ተጀመረ። መንደርተኛው የማናውቀው ቧንቧ አያልፍም ብሎ መንገድ ላይ ወጣ። ጉዳዩ እስከ አገሪቱ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ደረሰ። የሳርዲናል ሰዎች ቱሪስት አትምጡ አላሉም። የኛ ጉድጓድ ስንት እንደሚችል ለክታችኋል ወይ ነው ያሉት። ከዚህ የተሻለ ጥያቄ አላውቅም።

ኤሊም እዚህ ይነሳል። ፕላያ ግራንዴ በሚባለው ዳርቻ ላይ የሌዘርባክ ኤሊ በብዛት እንቁላሉን ይጥል ነበር። ከኤሊዎች ሁሉ ትልቁ ነው። በ1988 እና 1989 መካከል ባለው አንድ ወቅት ከ1,300 በላይ እናቶች ተቆጥረዋል። አሁን የሚመጡት በአሥሮች የሚቆጠሩ ናቸው። ጥፋቱን ሁሉ በቱሪዝም ላይ መጫን ፍትሐዊ አይሆንም። ለዓመታት እንቁላሉ ተሰርቋል። የዓሣ መረብም ብዙ ገድሏል። ግን ከአሸዋው ጀርባ የበቀለው መብራትም ድርሻ አለው። ጫጩት ከአሸዋ ስትወጣ የምትሄደው ወደሚበራው አቅጣጫ ነው። ድሮ የሚበራው ባሕሩ ነበር። አሁን ሆቴሉና ቪላው ይበራል። ጫጩቷም ወደዚያው ትሄዳለች።

እዚህ ላይ የሚገርም ነገር አለ። አገሪቱ ለዳርቻዋ ጥሩ ሕግ አላት። ከ1977 ጀምሮ ከባሕሩ 200 ሜትር የሕዝብ ነው። የመጀመሪያው 50 ሜትር ማንም የማይይዘው፣ ማንም የማይዘጋው ነው። ቀሪው 150 ሜትር ለተወሰነ ጊዜ በፈቃድ ይሰጣል እንጂ በአብዛኛው አይሸጥም። አሸዋው የሁሉም ነው ማለት ነው። ችግሩ አሸዋው ላይ አይደለም፤ ወደ አሸዋው የሚያደርሰው መንገድ ላይ ነው። ዳርቻው የሕዝብ ሆኖ መንገዱ የግል ከሆነ፣ በሩ ላይ ዘበኛ ከቆመ፣ የሰፈሩ ልጅ እንዴት ይደርሳል?

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ማኑኤል አንቶኒዮ የተወለደው ከዚህ ጥያቄ ነው። ኬፖስ አጠገብ ያለው ይህ ውብ ዳርቻ የውጭ አገር ባለሀብቶች እጅ ገብቶ ነበር። መንገዱ በበር ተዘጋ። የአካባቢው ሰው በሩን ሰበረ፣ ታገለ። በ1972 ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። ዛሬ ከአገሪቱ ፓርኮች በጣም ከሚጎበኙት አንዱ ነው፤ በስፋቱ ግን ከትንንሾቹ ነው። የውጭ ጎብኚ 18 ዶላር ገደማ ይከፍላል። ትኬቱ በኢንተርኔት አስቀድሞ ይቆረጣል። የቀኑ ቁጥር ሲሞላ ያበቃል። ማክሰኞ ዝግ ነው። ምግብ ይዞ መግባት አይፈቀድም፤ ጦጣዎቹ ቦርሳ ከፍተው ሳንድዊች መውሰድ ለምደው ነበርና። ጦጣ ሳንድዊች ሲበላ ማየት ልጆችን ያስቃል። ጦጣውን ግን ያሳምመዋል፤ ሰው ላይ ደፋር ያደርገዋል። በየጊዜው የቀኑ ቁጥር ይጨመር የሚል ግፊት ይመጣል። ሆቴሎቹ ብዙ ናቸው፤ እንግዳው ቆሞ መመለስ አይወድም። ግፊቱን እረዳለሁ። ግን ያች ትንሽ ጫካ አትለጠጥም።

ደግሞ ጊዜው ለአገሪቱ ቀላል አይደለም። የኮስታ ሪካ ገንዘብ፣ ኮሎን፣ በጣም ጠንክሯል። በ2022 አጋማሽ አንድ ዶላር ወደ 690 ኮሎን ነበር። በ2024 ወደ 510 ገደማ ወረደ። በዶላር የሚከፈለው ትንሽ ሎጅ ለሠራተኛው ደመወዝና ለገበያው የሚያወጣው በኮሎን ነው። ገቢው ሳይቀንስ ቀነሰበት። ለጎብኚውም አገሩ ተወደደ። ጸጥታውም ተናግቷል። በ2023 ከ900 በላይ ሰው ተገድሏል፤ በአገሪቱ ታሪክ ከፍተኛው ነው። በአብዛኛው የአደንዛዥ ዕፅ ቡድኖች እርስ በርስ ግጭት ነው። ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ የእንግዳው ቁጥር ለተከታታይ ወራት ቀንሶ ነበር።

እንዲህ ያለ ጊዜ ሲመጣ የመጀመሪያው ፈተና ገደቡን ማላላት ነው። ይግቡ፣ ይጨመሩ፣ ይሠራ ይባላል። የምፈራው ይህን ነው። ትልቁ ሆቴል ክፉ ጊዜን ዋጋ ቀንሶ ያልፈዋል። የድሬክ ጀልባ ነጂ ወይም የኦስቲዮናል አስጎብኚ ያንን አቅም የለውም። የመጀመሪያው ተጎጂ እሱ ነው። እሱ ሥራ ካጣ ጫካውም ዘበኛውን ያጣል።

ወደዚያ ለሚሄድ ሰው የምለው አለኝ። አስጎብኚህ የየት መንደር ልጅ እንደሆነ ጠይቅ። ሎጅህ የማን እንደሆነ፣ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ጠይቅ። መጠየቅ ነውር አይደለም። ከቻልክ በዝናቡ ወራት ሂድ። ከሰዓት በኋላ ትረጥባለህ፤ ግን ዋጋው ይቀንሳል፣ የመንደሩ ሰው በባዶ ወራት ሥራ ያገኛል። የኦስቲዮናል ትልቁ የኤሊ ጉዞም በነዚሁ ወራት ነው። ኡቪታ አጠገብ ባለው ማሪኖ ባዬና ፓርክ ደግሞ ከደቡብ ዋልታ አቅጣጫ የመጡ ሃምፕባክ ዓሣ ነባሪዎች ከጁላይ እስከ ኦክቶበር ግልገሎቻቸውን ይዘው ይታያሉ። ከዲሴምበር በኋላ የሰሜኖቹ ይመጣሉ። ከነሱ ጋር መዋኘት በሕግ የተከለከለ ነው። ጀልባ ነጂው ራቅ ብሎ ሞተሩን ካቀዘቀዘ ጉርሻ ይገባዋል። ጠጋ በልልኝ ብለህ አታስጨንቀው።

ስለ ባሕሩም አንድ ነገር። ፓሲፊክ ሰላማዊ ይባላል እንጂ ይህ ዳርቻ ኃይለኛ ነው። ዋናተኛን ወደ ውስጥ የሚስብ ሞገድ አለ፤ በየዓመቱ ሰው ይወስዳል። ብዙ ዳርቻ ላይ ነፍስ አድን የለም። ከተሳብክ ወደ ዳር አትታገል፤ ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኝተህ ውጣ።

ካቦ ብላንኮም አሁን ለጎብኚ ይከፈታል። ከሰፊው ጫካ ግን የሚታየው ትንሹ ክፍል ነው። ዋናው መንገድ በዌስበርግ አገር ስም “የስዊድን መንገድ” ይባላል። በጫካው ውስጥ ወደ ሁለት ሰዓት ገደማ ያስኬዳል፤ መጨረሻው ባዶ ዳርቻ ነው። ሻላዎች ውሃው ላይ ዝቅ ብለው ያልፋሉ። እዚያ ሱቅ የለም፣ ማደሪያ የለም። ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ሁሉም ሰው መውጣት አለበት። ሰኞና ማክሰኞ በሩ አይከፈትም።